አዲስ አበባን ማን አለበሳት?

በማታው የንባብ ሰዓት አንድ አባት እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦ «ከተሜ እኛ ያረስነውን ይበላል። እሱስ ምን ይሠራል?» ያን ዕለት የሰጠኋቸው መልስ እሳቸውንም እኔንም አላረካም። ይህን የጻፍኩት ያን ምሽት የጎደለውን ልሞላ ብዬ ነው።

አዲስ አበባ እንደ አክሱም፣ እንደ ጎንደር የጥንት ከተማ አይደለችም። የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ተራራ ወርደው ፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠሩና ስሟን አዲስ አበባ አሉት። የአገሩ ኦሮሞ ግን ቦታውን ከዚያ በፊትም፣ ዛሬም ፊንፊኔ ይለዋል። ከዚያ በኋላ መሳፍንቱና የጦር አለቆቹ መሬት እየተሰጣቸው ከነጭፍራቸው ድንኳን ተከሉ። «ሰፈር» የሚባለው ቃል ከዚሁ የመጣ ነው። ሰፈረ ማለት ጓዙን አውርዶ ተቀመጠ ማለት ነውና። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር የሚባሉት በዚህ ምክንያት ነው።

የሌሎቹ ሰፈሮች ስም ደግሞ ሰዉ ከየት እንደመጣ ይናገራል። ጎጃም በረንዳ፣ ወሎ ሰፈር፣ ጎፋ ሰፈር ሲባል መቼም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ የተወው ስምም አለ። ፒያሳ በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ነው፤ መርካቶ ደግሞ ገበያ ማለት ነው። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረውን የአራዳ ገበያ ነቅሎ ወደ ምዕራብ የወሰደው ጣሊያን ነው፤ ነጩና ጥቁሩ እንዳይቀላቀል ብሎ። እሪ በከንቱ የሚባልም ሰፈር አለ። ድሮ በዚያ ሸለቆ ሌባ የያዘው ሰው ቢጮህም ደራሽ አያገኝም ነበር ይባላል። ስሙን ስሰማ ያስቀኛል፤ ለተዘረፈው ግን የሚያስቅ አልነበረም።

አሁን ወደ አባታችን ጥያቄ ልመለስ። ከከተማዋ በስተሰሜን፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ቀጨኔ የሚባል ሰፈር አለ። የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነው። አብዛኞቹ ሠሪዎች ሴቶች ናቸው። አፈሩ ይቆፈራል፣ ይወቀጣል፣ በወንፊት ይነፋል፣ በውሃ ተለውሶ እንደ ሊጥ ይታሻል። ከዚያ በእጃቸው እያዞሩ ጀበናውን፣ ድስቱን፣ ምጣዱን ያወጡታል። ሸክላው በደንብ ሳይደርቅ እሳት ከነካው ይፈነዳል፤ የብዙ ቀን ድካም በአንድ ጊዜ ስብርባሪ ይሆናል። ለማቃጠያ የሚሆነውን እንጨትና ቅጠል ከእንጦጦ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን መንገድ ላይ ማየት የተለመደ ነበር። ሀብታሙም ድሀውም ቡናውን የሚጠጣው ከዚያ ጀበና ነው።

ታዲያ ለእነዚህ ሰዎች የተከፈላቸው ምን ነበር? ስድብ ነበር። ሸክላ ሠሪውንና ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ» ይሉታል፤ ከማዕድ ያርቁታል፤ ልጃቸውን አይድሩለትም። በብዙ አገር ርስትም አይሰጠውም ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ጥሩ ነበር፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ኖረ። በየቀበሌያችንስ ዛሬ ጠፍቷል? እናንተው ታውቃላችሁ። ማረሻችሁን የሚሠራው ማን እንደሆነ፣ ከእሱ ጋር በአንድ መሶብ ትበሉ እንደሆነ፣ እኔ ልነግራችሁ አልችልም።

ከቀጨኔ ብዙም ሳይርቅ፣ እንደዚያው ከእንጦጦ ሥር፣ ሽሮ ሜዳ ይገኛል። ይህ የሸማኔዎች ሰፈር ነው። አብዛኞቹ የመጡት ከጋሞ ደጋ፣ ከአርባ ምንጭ በላይ ካለው ተራራማ አገር ነው። ከጋሞዎችም ዶርዜዎች በሽመና የታወቁ ናቸው። በአገራቸው ሲኖሩ እንሰትና ገብስ የሚያለሙ ገበሬዎች ናቸው። መሬቱ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ከአባት የተማሩትን ሙያ ይዘው ወደ ከተማ ወጡ።

የሸማኔው ቤት ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። መሬቱ ላይ ጉድጓድ አለ። ሸማኔው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ያወርድና ድሩን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ይረግጣል። በእጁ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይወረውራል። ድር የሚባለው በቁመት የተዘረጋው ክር ነው፤ ማግ የሚባለው በአግድም የሚገባው ነው። ጥጡ ከሁመራ፣ ከመተማ፣ ከአዋሽ ሸለቆ ይመጣል። በእንዝርት የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው። እንግዲህ አንድ ጋቢ ገበሬው፣ ፈታይዋና ሸማኔው ሦስቱም የደከሙበት ነው ማለት ነው። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፤ ጋቢ አራት ድርብ ነው። በጠርዙ ላይ የሚገባው ጥለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱን የቀለም ክር በጣት እየቆጠሩ ማስገባት ይጠይቃል። ሸማኔው ወረቀት ላይ ሳይነድፍ፣ ቁጥሩን በአእምሮው ይዞ ነው የሚሠራው። ማንበብ የማይችል ሽማግሌ ሸማኔ ሲሠራ ላየው ሰው፣ ይህ ራሱ ትልቅ ትምህርት እንደሆነ ይገባዋል።

እዚህ ላይ ደስ የማይል ነገር መናገር አለብኝ። ከጋሞ መንደሮች የድሀ ልጆችን «ከተማ ወስጄ ላስተምርልህ» ብሎ አባቶችን እያታለለ ልጆቹን የሚወስድ ሰው ነበር። ልጁ ትምህርት ቤት ሳይሆን ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፤ ከንጋት እስከ ማታ ይሸምናል። ልጃችሁን የሚወስድ ሰው ቢመጣ፣ የሚወስደው የት እንደሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ማን እንደሚባል አስጽፋችሁ ያዙ። አሁን ራሳችሁ ታነቡታላችሁ።

የዚህ ሁሉ ሥራ ውጤት የሚታየው በበዓል ቀን ነው። መስከረም 16 ቀን ሰዉ ነጭ ለብሶ ወደ መስቀል አደባባይ ይወጣል። በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ይባል የነበረው ይኸው ሜዳ ነው። አመሻሹ ላይ ደመራው ይለኮሳል፤ ሰዉም ደመራው ወደ የት እንደወደቀ አይቶ ስለ ዓመቱ ይተነብያል። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ይወርዳሉ፤ እዚያው አድረው በማግስቱ ጥምቀት ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ከረጅም ዘመን በኋላ ኢሬቻ በመዲናዋ ውስጥ እንደገና ተከበረ። ያን ዕለት ሰዉ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ በልብሱ ጠርዝ ላይ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ይታያል። በኢድ ሙስሊሙ በስታዲየም ተሰብስቦ ይሰግዳል። የመስቀሉንም የኢሬቻውንም ልብስ የሚሸምነው ብዙ ጊዜ ያው አንድ ሸማኔ ነው፤ የሚለወጠው የጥለቱ ቀለም ብቻ ነው። ሸማኔው ራሱ መስከረም ሲደርስ ቢችል ወደ ጋሞ ይሄዳል፤ የእነሱ በዓል ዮ ማስቃላ ነው። ጉራጌውም ለመስቀል አገሩ ስለሚገባ መርካቶ በዚያ ሰሞን ጭር ይላል።

ምግቡም እንደ ልብሱ ነው። ክትፎና ቆጮ የጉራጌ ምግብ ነበር፤ አሁን ሁሉም ይበላዋል። ጤፉ ከአድአና ከምንጃር ይመጣል፤ በርበሬው ከማረቆ፣ ጨው ከአፍዴራ። ጣሊያን ሲባረር ፓስታው ቀርቷል። ሲመሽ ደግሞ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ይመጣል፤ ግጥሙን እዚያው ፈጥሮ የተቀመጠውን ሰው ያሞግሳል፣ ይነካካል። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር፣ የጣሊያን ወረራ ሲያሰጋ ሕዝቡን በዘፈንና በንግግር የቀሰቀሰ ነው። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት የሠራው አፈወርቅ ተክሌም የተወለደው አንኮበር ነው። መስታወቱ ሦስት ክፍል አለው፤ የአፍሪካን ያለፈውን፣ ያሁኑንና የወደፊቱን ያሳያል።

ከተማዋ ዛሬ በፍጥነት እየተለወጠች ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ፈረሱ፤ ብዙ ሰው ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወረ። መንገዱ ሰፍቷል፣ አምሯል። ለአርባ ዓመት ቡና አብረው የጠጡ ጎረቤቶች ግን ተበታትነዋል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ እሳት ተነስቶ ብዙ ሱቅ በላ። ለሸማኔው ግን ከእሳቱ ይልቅ የሚያሰጋው ሌላ ነገር አለ። ከውጭ በማሽን የታተመ፣ የጥለት ሥዕል ያለበት ርካሽ ጨርቅ ገበያውን ሞልቶታል። ከሩቅ ሲያዩት ሸማ ይመስላል፤ ዋጋው ግን ከሸማው በብዙ ያንሳል። ድሀ ሰው ርካሹን ቢገዛ አልፈርድበትም። ግን ርካሹን በሸማ ዋጋ የሚሸጥም አለ።

ስለዚህ አንድ ቀን አዲስ አበባ ብትሄዱና ለሠርግ ወይም ለበዓል ልብስ ብትፈልጉ፣ የታክሲ ረዳቱ «ሽሮ ሜዳ! ሽሮ ሜዳ!» ሲል ግቡ። ሱቁ ውስጥ ቀሚሱን ወይም ነጠላውን ተቀበሉና ጥለቱን ገልብጡት። በሽመና የገባ ከሆነ የቀለሙ ክር ከጀርባውም ይታያል፤ በጣት ሲነካም ይሻክራል። የታተመ ከሆነ ጀርባው ፈዛዛ ነው፤ ክርም የለውም። ነጋዴው ለምን ትገለብጣላችሁ ብሎ ይቆጣ ይሆናል። ሸማኔው ግን አይቆጣም፤ እንዲያውም እሱ ራሱ ገልብጦ ያሳያችኋል።