ማክሰኞ የሰኞን ዕዳ አይጠይቅም

በሰንበት ትምህርት ቤት የምናስተምር ሰዎች ከምእመናን አፍ ሳንሰማው የማናድር አንድ ንግግር አለ፤ «የቤት ጸሎት ጀምሬ ነበር፣ አቋረጥኩት፤ ልቤ ሲመለስ እንደ አዲስ እጀምራለሁ» የሚል። ተማሪውም፣ ነጋዴውም፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው እናትም፣ ከአረብ አገር በስልክ የምትጠይቀው እህትም የሚሉት ይህንኑ ነው። ብዙዎቹ ቀኑንም ቆርጠው ይመጣሉ፤ የዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ፍልሰታ፣ ዘመን መለወጫ። እስከዚያ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ይከርማል። ጥፋቱን ስንፍና ይሉታል፤ እኛም «በርቱ» ብለን እንሸኛቸዋለን። የሚያንገበግበኝ ይህ መልሳችን ነው። ሰነፍ ሰው ስላቋረጠው ጸሎት ሊጠይቅ አይመጣም። እነዚህን ሰዎች የያዛቸው የተሳሳተ አሳብ ነው፤ ጸሎት ልብ ሲሞቅ የሚደረግ ነገር ነው፣ ያመለጠ ቀን ደግሞ ዕዳ ሆኖ ይጠራቀማል የሚል።

ይህን አሳብ የጸሎት መጽሐፎቻችን ጨርሶ አያውቁትም። ለቅዱስ ኤፍሬም የሚሰጠውን ውዳሴ ማርያም እንውሰድ። የተከፈለው በሳምንቱ 7 ዕለታት ነው፤ ዘሰኑይ፣ ዘሠሉስ እያለ እስከ እሑድ ይዘልቃል። «1ኛ ቀን፣ 2ኛ ቀን» የሚል ነገር የለውም። ሰኞ ያመለጠው ሰው ማክሰኞ ሲነሣ የሚገልጠው ዘሠሉስን ነው፤ የሰኞው ድርሻ በሚቀጥለው ሰኞ ራሱ ተመልሶ ይመጣል። ዳዊትም እንዲሁ ነው። 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ ተከፍሎ፣ ከ1 እስከ 30 ያለው ለሰኞ፣ ከ31 እስከ 60 ያለው ለማክሰኞ እያለ ቅዳሜ ያልቃል፤ እሑድ ለመኃልይ ይተዋል። ይህን ያህል መድገም የሚችል ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ከዕለቱ ድርሻ አንድ መዝሙር የሚያደርስ ቤት ግን በሥርዓቱ ውስጥ ነው። አባቶች ድርሻውን ያሰሩት በዕለቱ ላይ ነው፤ ዕለት ደግሞ እኛ ብንደክምም ብንታመምም መምጣቱን አይተውም። በእጅ የቆየ የጸሎት መጽሐፍ ጠርዙን ያየ ሰው የእኛን ልማድ ያነብበታል፤ ዘሰኑይ ያለበት ገጽ በአውራ ጣት ወዝ ጠቁሯል፣ ዘረቡዕ ላይ ጥቁረቱ ይሳሳል፣ ዘዓርብ ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ነጭ ነው። ባለቤቱ ባቋረጠ ቁጥር የተመለሰው ወደ መጀመሪያው ገጽ ነው ማለት ነው። ሐሙስ ቀን ተነሣስቶ ሰኞን የጠበቀ ሰው አራት ቀን በከንቱ ከስሯል።

በቅዱሳት መጻሕፍት ንባብ ላይ ጉዳቱ ይብሳል። መጽሐፍ ቅዱስን በአንድ ዓመት ለመጨረስ የሚነሣ ሰው ቢያንስ በቀን 3 ምዕራፍ ማንበብ አለበት። መስከረም 1 ቀን ቢጀምር የዘፍጥረት 50 እና የዘጸአት 40 ምዕራፍ በ30 ቀን ያልቃሉ፤ ጥቅምት 1 ቀን ዘሌዋውያን ላይ ይደርሳል። የመጨረሻዎቹን ቀናት የድንኳኑን ሳንቃ፣ መጋረጃና እግር ሲቆጥር ቆይቶ አሁን የመሥዋዕቱ ሥርዓት ይጠብቀዋል። እዚህ ላይ 4 ቀን ጉንፋን ቢይዘው 12 ምዕራፍ ዕዳ አለበት፤ በ5ኛው ቀን 15 ምዕራፍ ካላነበበ አይደርስም። ያን ምሽት መጽሐፉን ባይከፍት ልቡ ስለቀዘቀዘ አይደለም፤ ሒሳቡ ራሱ በሩን ስለዘጋበት ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ መልካም ነው፤ ሆኖም ያ ጥናት ነው፣ ጊዜና መምህር ይፈልጋል። ለቤት የዕለት ምግብ የሚሆነው ግጻዌ ነው። ለእያንዳንዱ ቀን ከጳውሎስ መልእክት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት፣ ከሐዋርያት ሥራ፣ ከመዝሙርና ከወንጌል አውጥቶ ሰጥቶናል። ወንጌሉን ብቻ ወስዶ ማንበብ ከቡና መፍላት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል፤ ትናንት ያመለጠው ሰው ዛሬ የሚያነበው የዛሬውን ነው።

«ታዲያ ልብ ሳይኖርበት ከንፈር ቢንቀሳቀስ ምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይከተላል፤ ጌታችን እንደ አሕዛብ በከንቱ መድገምን መከልከሉም ይነሣል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ሊታለፍ አይገባም። ነገር ግን እዚያ የተነቀፈው ቃል በማብዛት እግዚአብሔርን ማሳመን ይቻላል የሚለው እምነት ነው። ያው ወንጌል ጌታ በጌቴሴማኒ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጸልይ ያንኑ ቃል እንደተናገረ ይመሰክራል። መዝሙር 135ም አንዱን ሐረግ 26 ጊዜ ይመላልሳል። አማርኛችን ራሱ ከዚህ ትምህርት የተቀዳ ነው፤ «ዳዊት አነበበ» ብሎ የሚናገር አባት የለም፣ «ዳዊት ደገመ» ነው የሚለው። በንባብ ቤት ያለ ልጅ ዳዊትን የሚደግመው ትርጓሜ ቤት ሳይገባ፣ ምሥጢሩ ሳይገለጥለት ነው፤ ቃሉ አስቀድሞ በአፉ ስለተቀመጠ ትርጓሜው ሲመጣ ማረፊያ ያገኛል። ነቢዩ ኢሳይያስ ከንፈራቸው ቀርቦ ልባቸው የራቀውን ሲገሥጽ ልባቸውን እንዲያቀርቡ ነው፤ ከንፈራቸውንም እንዲያርቁ አልጠየቃቸውም። የቀዘቀዘ ልብ ይዞ ቆሞ «ማረኝ» ማለት ግብዝነት የሚሆነው ሞቄያለሁ ብሎ ለታየ ሰው ነው። የልቡን መቀዝቀዝ ለአምላኩ ይዞ የቀረበ ሰው ከጸሎት ምን ጎደለው? ግእዙ አልገባ ያለው ደግሞ አማርኛው ጎን ለጎን በታተመበት መጽሐፍ ይጸልይ፤ ይህ ለማቋረጥ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ሌላው ሰዓት ነው። ፍትሐ ነገሥት 7 የጸሎት ጊዜያትን ያስቀምጣል፤ ይህን ሲሰማ የሚደነግጥ ሠራተኛ ብዙ ነው። በሰው ቤት ተቀጥራ በአሠሪዋ ደወል የምትነሣ እህት የራሷ የምትለው ሰዓት የላትም። ለእንዲህ ዓይነቱ ኑሮ ጸሎቱን ከማይቀር ተግባር ጋር ማሰር ይሻላል፤ ፊት ከመታጠብ ጋር፣ መብራት ከማጥፋት ጋር። አቡነ ዘበሰማያት በትክክል ተደግሞ አንድ መዝሙር ቢከተለው በቂ መነሻ ነው፤ በኋላ ይረዝማል። ዳንኤል የንጉሡ አዋጅ ከወጣ በኋላ መስኮቱን ከፍቶ በቀን ሦስት ጊዜ ሲጸልይ፣ መጽሐፉ ቀድሞም ያደርገው እንደነበር ይነግረናል። የአንበሶች ጉድጓድ በተዘጋጀበት ቀን አዲስ ውሳኔ አላስፈለገውም።

በቤት ሲሆን ድምፅ ይሰማ። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ሰማው ይላል የሐዋርያት ሥራ፤ በልቡ ቢያነብ ኖሮ የሚሰማው ነገር ባልነበረ። ልጆች ሁሉ እስኪሰበሰቡ፣ ቴሌቪዥኑ እስኪጠፋ፣ አባወራው ከሥራ እስኪገባ እየተባለ የቤት ጸሎት ከሳምንት ወደ ሳምንት ይተላለፋል። አንድ ሰው ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጀምር። ሰኞና ማክሰኞ እንቅልፍ ጥሎት ያልሰማው ልጅ ረቡዕ ማታ መጥቶ ከእናቱ አጠገብ ሲቆም የት እንደደረሱ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ረቡዕ ነው፣ የሚነበበውም ዘረቡዕ ነው።