ይድነቃቸው ተሰማ፣ ጅማና ያልወደድነው ደንብ

ባለፈው የቡና ለቀማ ወራት ለአንድ የውል ክርክር ጉዳይ ከጅማ ወደ አጋሮ እየሄድኩ ነበር። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሬዲዮው «የሜዳውን» ጨዋታ በሰው አገር ስለሚጫወተው ብሔራዊ ቡድናችን ያወራል። ሃያ ዓመት የማይሞላው ረዳት ንድድ አለው። «ካፍን የመሠረትነው እኛ! መልሶ ሜዳ የሚዘጋብን ካፍ! ይሄ ንቀት ነው» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ተስማማ። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የቡና ነጋዴ ግን ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ካፍን ከመሠረቱት አንዱ እኮ እዚሁ ጅማ ነው የተወለደው» አሉት።

«ማን ነው አባባ?»

«ይድነቃቸው ተሰማ ነዋ!»

ረዳቱ ስሙን ሰምቷል፤ የጅማ ልጅ መሆናቸውን ግን አያውቅም። ሌሎቹም አላወቁም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ጨዋታ ነው። የረዳቱ ቁጭት የብዙዎቻችን ቁጭት ነውና አንድ ጥያቄ ላንሳ። ይድነቃቸው ዛሬ በሕይወት ቢኖሩ ከማን ጋር ይቆሙ ነበር? ከእኛ ጋር ወይስ ከደንቡ ጋር?

ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በዕንቁጣጣሽ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ጅማ ገና በዳግማዊ አባ ጅፋር እጅ ነበረች። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸው የታወቁ፣ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ናቸው።

ልጅየው ኳሱን መረጡ። በ1928 ዓ.ም. በተመሠረተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ለ23 ዓመታት ተጫውተዋል። 365 ጊዜ ተሰልፈው 318 ጎል እንዳገቡም ይነገርላቸዋል። የክለቡ የመጀመሪያ ዓመታት የጣሊያን ወረራ ዓመታት እንደነበሩ ልብ ይሏል። ሰው በቆዳው ቀለም የሚለይበትን ሥርዓት ይድነቃቸው ያወቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ አገራቸው፣ በወጣትነታቸው ነው። በኋላ ለሠሩት ሥራ አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

ብዙዎቻችን የምናስታውሳቸው በጥር 1954 ዓ.ም. ድል ነው። አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ አሠልጣኙ እሳቸው ነበሩ። እኔ ግን የሕግ ሰው ነኝና ከዋንጫው ይልቅ የሚደንቀኝ ሌላ ነገር ነው።

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ ሲቋቋም መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ለመጀመሪያው ውድድር የምልከው ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን ነው አለች። ሌሎቹ አይሆንም አሉ፤ ውድድሩ በሦስት አገሮች ብቻ ተካሄደ። እዚህ ላይ ተጠራጣሪ አንባቢ «ኢትዮጵያማ ተጠቀመች» ሊል ይችላል። እውነት አለው። ከደቡብ አፍሪካ ጋር ልትጫወት የነበረችው ኢትዮጵያ ስለነበረች ሳትጫወት ፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸንፋለች። የሚጠቅም ደንብ ማክበር ደግሞ ማንንም አያስመሰግንም። ደንብ አክባሪ የሚፈተነው ደንቡ ሲጎዳው ነው።

ፈተናው ብዙም ሳይቆይ መጣ። ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ አንድም ቀጥተኛ ቦታ አልሰጠም፤ የአፍሪካው አሸናፊ ከእስያው ጋር ገና ሊጋጠም ነበር። ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ተቃውሞውን ከመሩት አንዱ ይድነቃቸው ነበሩ። አፍሪካ ከማጣሪያው ወጣች። የዚያ ዘመን ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾች የዓለም ዋንጫን ሳያዩ ቀሩ። ዋጋው ከባድ ነበር፤ ፍሬው ግን እ.ኤ.አ. በ1970 ታየ፤ አፍሪካ የመጀመሪያውን ቀጥተኛ ቦታ አገኘችና ሞሮኮ ሄደች። ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ የተመደበው ቀጥተኛ ቦታ 9 ነው።

ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ሕይወታቸው እስካለፈበት ቀን ድረስ ለ15 ዓመታት የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ካርቱም ላይ አይሆንም የተባለው ዘረኝነት እ.ኤ.አ. በ1976 ሞንትሪያል ላይ ደቡብ አፍሪካን ከፊፋ አስባረረ። የአፍሪካ ደንብ የዓለም ደንብ እስኪሆን 19 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

አሁን ወደ ረዳቱ ቁጣ ልመለስ። ማኅበር በሕግ ዓይን ራሱን የቻለ ሰው ነው። ሥልጣኑ የሚመነጨው ከመተዳደሪያ ደንቡ ነው፤ ደንቡ ካልሰጠው በቀር መሥራች አባል ከሌላው የተለየ መብት የለውም። እድር ያቋቋመ ሰው መዋጮ ሳይከፍል ሲቀር እንደማንም እንደሚቀጣው ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. ካፍ ስታዲየማችን መስፈርት አያሟላም ብሎ ሲያግደን የሠራው ይህንኑ ነው። በዚያው ዓመት በሰኔ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው በ«ሜዳችን» ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነበር። ስድሳ ዓመት ቀደም ብሎ ይህችኑ ግብፅ በራሳችን ስታዲየም፣ በራሳችን ሕዝብ ፊት አሸንፈን ነበር። እኔም እንደ ረዳቱ አንጀቴ አርሯል። ነገር ግን ለመላው አፍሪካ ሲሉ የዓለም ዋንጫን የተዉ ሰው ለገዛ አገራቸው ሲሉ ደንብ ያጥፉ ነበር ብዬ ማመን አልችልም።

ይድነቃቸው ያረፉት ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። የቡሄ ጭፈራ ከውጪ እየተሰማ አባቴ ሬዲዮው አጠገብ አንገታቸውን ደፍተው የተቀመጡበት አኳኋን እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። በዕንቁጣጣሽ ተወልደው በቡሄ ማረፍ፤ 66ኛ ዓመታቸው ሊሞላ ሳምንታት ብቻ ቀርተውት ነበር። የአባታቸውን ግጥሞች ሰብስበው «ሰምና ወርቅ» በሚል ርዕስ አሰናድተዋል። የእሳቸውን ታሪክ ደግሞ ልጃቸው ታደለ ይድነቃቸው በመጽሐፍ አቆይቶልናል። አባቱን ያልረሳ ልጅ የማይረሳው ልጅ ወለደ። የቤተሰቡን ያህል እኛ፣ በተለይም የተወለዱባት ጅማ፣ አስታውሰናቸዋል ወይ? በሚኒባሱ ያየሁት አላስደሰተኝም።

አጋሮ ልንገባ ስንል ሽማግሌው ረዳቱን እንዲህ አሉት። «እኔም አንድ ዓመት ቡናዬን ደረጃ ዝቅ አድርገው ጣሉብኝ። ተሳደብኩ። በማግስቱ ሄጄ ሳየው ግን ቡናዬ አፈር አፈር ይሸታል፤ መሬት ላይ ነበራ የማሰጣው! የማድረቂያ አልጋ ሠራሁ። በዓመቱ ደረጃዬን አገኘሁ።»

ረዳቱ ሳቀ። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ የሕግ ትምህርት ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ይድነቃቸውን እንዘክር ካልን ካፍን መውቀሱን ትተን ሜዳችንን መስፈርቱ ላይ እናድርስ። ያን ዕለት የመክፈቻ ጨዋታውን ኳስ ከጅማ የመጣ ታዳጊ ቢለጋልን፣ ስማቸው ወደ ተወለዱበት አገር ተመለሰ እላለሁ።

ቸር ይግጠመን።