ታፔላው ቆሟል፣ ፓምፑስ?

በአገራችን የገጠር መንገድ የተጓዘ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ከዋናው መንገድ ገባ ሲሉ ዝገት የበላው ታፔላ ይቀበልዎታል። የፕሮጀክቱ ስም፣ የለጋሹ ዓርማና የተጠቃሚው ብዛት ተጽፎበታል። ጥቂት ራቅ ብሎ የእጅ ፓምፕ አለ። አንዳንዱ ውኃ ይሰጣል፣ አንዳንዱ እጀታው ተነቅሎ ፍየል ይታከክበታል። ታፔላው ላይ ግን ሁሌም «ተጠቃሚ 300 ሰው» ነው።

ከዓመታት በፊት እኔም እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ለሚገመግም ቡድን መጠይቅ አስሞላ ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ «የውኃ ተቋሙ ይሠራል?» የሚል ነው፤ መልሱ «አዎ» ወይም «አይ»። አንዲት ጠና ያሉ እናት «ይሠራል ልጄ፣ ተመስገን» አሉኝ። «አዎ» ላይ ምልክት አድርጌ፣ አመስግኜ ተነሳሁ። ከሰዓት በኋላ እኚሁ እናት ጀሪካን አዝለው ወደ ወንዝ ሲወርዱ አገኘኋቸው። እንዴ!

«እናቴ፣ ፓምፑ ይሠራል አላሉኝም እንዴ?»

«ይሠራል እንጂ። የሚከፈተው ግን ጠዋት ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ወረፋው ደግሞ የጉልበተኛ ነው፤ የወሩንም መዋጮ አልከፈልኩም። አንተ የጠየቅከኝ ይሠራል ወይ ብለህ ነዋ!»

ልክ ናቸው። ጥፋቱ የጥያቄው ነው።

የልማት ፕሮጀክት ሰነድ ያገላበጠ ሰው ሰንሰለቱን ያውቀዋል። መጀመሪያ ግብዓት አለ፦ በጀት፣ ሲሚንቶ፣ ቧንቧ። ቀጥሎ ተግባር ይመጣል፦ ቁፋሮ፣ ሥልጠና። ከዚያ የሚገኘው የመጀመሪያ ውጤት ቆሞ የሚታየው ፓምፕ ነው። ዋናው ነገር የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። እኚህ እናት ወንዝ መውረድ አቆሙ ወይ? የልጅ ልጃቸው ውኃ መቅዳቱ ቀርቶላት ጠዋት ትምህርት ቤት ደረሰች ወይ? አብዛኛው ሪፖርት ፓምፑ ላይ ሲደርስ ያበቃል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፣ ፓምፕ ይቆጠራል፣ የሰው ኑሮ ግን እስከ ሰኔ 30 አይለወጥም።

እስቲ አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የተቀመጠው መስፈርት ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚል ነበር። ለ300 ሰው 7,500 ሊትር ማለት ነው። ፓምፑ በደቂቃ 10 ሊትር ይሰጣል ብንል፣ ይህን ለማውጣት 750 ደቂቃ ያስፈልጋል፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ያለ ዕረፍት መምታት። ያ መንደር ግን ፓምፑን በቀን ሁለት ሰዓት ነበር የሚከፍተው። 1,200 ሊትር ይወጣል፣ ለ300 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ አራት ሊትር! ሪፖርቱ ላይ ሦስቱም መቶ ሰዎች «ንፁህ ውኃ ያገኙ» ናቸው። ማንም አልዋሸም፣ ቁጥሩ ግን ውሸት ነው።

ኮሚቴው ቁልፍ ያበጀው ለክፋት አይደለም። ፓምፑ ቶሎ እንዳያልቅ፣ ጉድጓዱም እንዳይደርቅ ሰግቶ ነው። ይህን ጠይቆ የመዘገበ አልነበረም እንጂ፣ ችግሩ ሁለተኛ ጉድጓድ ማስፈለጉ እንደሆነ በመጀመሪያው ዓመት በታወቀ ነበር። ክትትል የሚባለው ይኸው ነው፤ ሥራው እየሄደ እያለ አይቶ ማስተካከል። ግምገማ ደግሞ ቆም ብሎ «የፈለግነው ለውጥ መጣ ወይ? የመጣው በእኛ ሥራ ነው ወይ?» ማለት ነው። እኛ ዘንድ ሁለቱ ተደባልቀዋል።

በነገራችን ላይ «ግምገማ» የሚለው ቃል ራሱ ሸክም አለበት። ብዙዎቻችን ስንሰማው የሚታወሰን ሰው ተሰብስቦ ስህተቱን የሚናዘዝበት፣ ከሥልጣን የሚወርድበት ስብሰባ ነው። ስለዚህ «ገምጋሚዎች መጡ» ሲባል የቀበሌው ሊቀ መንበር ይዘጋጃል፣ ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ያስተካክላል፣ መልስ ሰጪዎችም ይመረጣሉ። እንግዳ ማክበርም ስለሚታከልበት «ደህና ነው፣ ተመስገን» የሚለው መልስ ገጽ ይሞላል።

ወቅቱም ያታልላል። ሮበርት ቻምበርስ የተባለው እንግሊዛዊ የልማት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፉ «የገጠር ልማት ቱሪዝም» ያለው ነገር አለ። ጎብኚው አስፋልት ዳር ያለውን መንደር፣ መንገዱ በሚመች ወቅት፣ ወንዱንና ደህና ኑሮ ያለውን አነጋግሮ ይመለሳል። እኛ ጋ ገምጋሚ የሚበዛው ዝናቡ አቁሞ መንገዱ ሲደርቅ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። ያኔ ክረምቱ የሞላው ጉድጓድ ጢም ብሏል። በሚያዝያ ሄዶ ያየስ?

ሌላው ችግር መነሻው አለመታወቁ ነው። ፓምፑ ከመተከሉ በፊት ሴቶቹ ውኃ ለመቅዳት በቀን ስንት ሰዓት እንደሚያጠፉ ካልተመዘገበ፣ «ቀነሰ» ማለት ከምን? ተቅማጥ ቀንሶ ቢገኝም እሰየው ነው፤ ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት እየዞረች ሽንት ቤት ስላስቆፈረች ሊሆን ይችላል። ፓምፕ ያላገኘውን ጎረቤት ቀበሌ አይቶ ካላነጻጸሩ መለየት አይቻልም።

ደህና የሠራ ነገርም አለ። በአማራ ክልል በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የተሞከረው አሠራር ገንዘቡን ለኅብረተሰቡ ኮሚቴ ይሰጣል። ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ያልፍ ነበር፤ ኮሚቴው ራሱ ዕቃ ይገዛል፣ ግንበኛ ይቀጥራል፣ ይቆጣጠራል። በገዛ እጁ ሲሚንቶ የገዛ ሰው ስንት ከረጢት እንደገባና ስንቱ እንደጎደለ ለመናገር አማካሪ አያስፈልገውም። ተሳትፎ የምንለው ብዙ ጊዜ ድንጋይ ማቅረብና ጉድጓድ መቆፈር ብቻ ነው፤ ጉልበት ማዋጣት እንጂ መወሰን አይደለም። እዚህ ግን ቦርሳው ራሱ ተሰጠ።

እድርም እንዲሁ ነው፤ አባሉ ሒሳቡን ስለሚያውቅ ዳኛውን ፊት ለፊት ይጠይቃል። ግን እድርንም አናሞግሰው፤ መዋጮ ያቃተው ሰው ከመዝገቡ ሲፋቅ የሚጠይቅለት የለም። የወሩን ያልከፈሉት እናት ነገር እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ኅብረተሰቡ በአማካይ ተጠቀመ ማለት እሳቸው ተጠቀሙ ማለት አይደለም። ስለዚህ ገምጋሚ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ወረፋው ላይ የቆሙትን ሳይሆን ከወረፋው የቀሩትን ነው። እነሱ ደግሞ በስብሰባ ላይ አይገኙም፣ ወንዝ ነው ያሉት።

በዚያ መንደር ኮሚቴውንም አነጋግሬ ነበር። ፓምፑ አፍሪዴቭ የሚባለው ዓይነት ነው፣ የመንደር ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ። ሁለት ሰዎች ሠልጥነዋል፣ የምስክር ወረቀታቸውን አውጥተው አሳዩኝ። «የውስጡ ጎማ ሲያልቅ ከየት ታገኛላችሁ?» አልኳቸው። ተያዩ። ወረዳ ከተማው ላይ የሚሸጥ ሱቅ አልነበረም። ፕሮጀክቱ ሲወጣ የተወላቸው መለዋወጫ ደግሞ ሣጥኑ ውስጥ አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር።