አዲሱ መምህርና የአዋሽ ተማሪዎች

አዋሽ ሰባት ኪሎ ምድር ባቡር ያቀናት ከተማ ናት። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የጣቢያው ሥራና ንግዱ የሳበው ሰው ሁሉ፥ ዐማራውም፥ ኦሮሞውም፥ አርጎባውም፥ ሶማሌውም፥ ከባላገሩ ከአፋር ጋራ ተጐራብቶ ይኖርባታል። ስለዚህ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአንድ ክፍል የተቀመጡት ልጆች የቤታቸው ቋንቋ ልዩ ልዩ ነው፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ በዚህ በኩል ሁሉም እኩል እንግዶች ናቸው።

እኔ በሰመራ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ ወደ አዋሽ በተላክሁ ጊዜ አፋርን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ሰመራ የመሥሪያ ቤት ከተማ ስለ ሆነች፥ አርብቶ አደሩን ያየሁት ከመኪና መስኮት ብቻ ኖሯል።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ የአፋር ልጅ ስድስት ቀን ቀርቶ መጣ። ምክንያቱን ብጠይቀው ተረጋግቶ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ሣሩ የት እንዳለቀ፥ ግመሎቹ በየት እንደ ተነዱ፥ በመንገድ ማንን እንዳገኙ ይተርክልኝ ጀመር። እኔም፦ «አሳጥረው!» ብዬ አቋረጥሁት። ከዚያ በኋላ ለምጠይቀው ሁሉ መልሱ «አላውቅም» ብቻ ሆነ።

ነገሩን ያስረዱኝ አንድ አዛውንት ባልደረባዬ ናቸው። «ልጄ፥ ዳጉ ሲነግርህ ነው ያቋረጥኸው» አሉኝ። አፋር በመንገድ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይነጋገራል፤ ተናጋሪው እውነቱን መናገር፥ ሰሚውም እስከ መጨረሻው መስማት ግዴታው ነው። በበረሃ የዝናቡና የግጦሹ ነገር የሚታወቀው በዚህ ወሬ ነውና። ለካ ልጁ ሰበብ መፍጠሩ ሳይሆን እኔን ማክበሩ ነበር! እጅግ አፈርሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ፥ ወንዞች ወደ ባሕር ይፈስሳሉ ብዬ ሳስተምር፥ ያው ልጅ እጁን አነሣ። «መምህር፥ አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም» አለ። እኔም ጠመኔውን አስቀምጬ ተቀመጥሁ። ወንዙ አሳይታን አልፎ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ እየወረደ በጂቡቲ ጠረፍ በአቤ ሐይቅ እንደሚቀር ተረከልን። ከፈንታሌ በኩል የመጣች የከረዩ ልጅም ቀጥላ፥ የመተሐራ የሸንኰራ እርሻ ከወንዙ እንደሚጠጣና የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ ግጦሹን እንደ ዋጠ ተናገረች። በዚያ ቀን መጽሐፉን አልገለጥነውም።

የልጁ ስም ስለ መቅረቱ ከመዝገብ ሊሰረዝ ቀርቦ ስለ ነበረ፥ ለምኜ አስቆየሁለት። በበጋው ድርቅ እንደ ገና ሄደ። ሲመለስ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ወንበር ስቤለት ከየት እንደ መጣ ጠየቅሁት።