«ድራይቨር የለውም» የሚሉት ስካነር

ሊኑክስ ላይ ስካነር ተሰክቶ ምንም ሳይመጣ ሲቀር ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል፦ «ድራይቨር የለውም።» ይህችን ቃል ከኮምፒውተር ጠጋኝም፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤትም፣ ከኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪም ሰምቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ናት። ድራይቨሩ ሊኑክሱ ሲጫን አብሮ ገብቶ ተቀምጧል፤ የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

ስካነር ምን እንደሚሠራ ማስረዳት አያሻም። በሊኑክስ ሥራውን የሚመራው ሴን የሚባል ሥርዓት ነው፤ ዴቪድ ሞስበርገርና አንዲ ቤክ እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመሩት፣ ዛሬም በጎ ፈቃደኞች የሚያቆዩት። ከእሱ በፊት በ1992 ከሊኑክስ ውጭ ላሉ ኮምፒውተሮች የወጣ ትዌይን የሚባል ሥርዓት ነበር። በትዌይን አሠራር ድራይቨሩ የራሱን መስኮት ይዞ ይመጣል፤ ቁልፉም ማስተካከያውም አምራቹ እንዳሰበው ነው። ሴን ግን ሥራውን ለሁለት ከፈለው። የጀርባው ክፍል ከማሽኑ ጋር ብቻ ይነጋገራል፣ የፊተኛው ከሰው ጋር ብቻ። የጀርባው «ይህ ማሽን እነዚህ እነዚህ አማራጮች አሉት» ብሎ ዝርዝሩን ያቀርባል፤ የፊተኛው ደግሞ በፈለገው መልክ ያሳየዋል። ስለዚህ ያንኑ ስካነር ቁልፉ በበዛው ኤክስሴን፣ አንድ ሁለት ቁልፍ ብቻ ባለው ሲምፕል ስካን፣ ወይም ያለ ምንም መስኮት ከተርሚናል በስካንኢሜጅ ማዘዝ ይቻላል።

ሁለቱ ክፍሎች የግድ አንድ ኮምፒውተር ላይ መሆንም የለባቸውም። ሴንዲ የምትባለውን ትንሽ አገልጋይ ስካነሩ በተሰካበት ኮምፒውተር ላይ አስነስቶ፣ ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች ፈቅዶ፣ በእነሱ ላይ አድራሻውን አንዲት ፋይል ውስጥ መጻፍ ይበቃል። አዲስ አበባ ውስጥ የማውቃቸው አንዲት የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት አንዷን ስካነር በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ሲያዘዋውሯት ኖረዋል። እንዲህ ማድረግ እንደሚቻል ስነግራቸው «ኢንተርኔት ሲጠፋስ፣ ልጄ?» አሉኝ። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ እትዬ፤ የቤቱ ራውተር ይበቃዋል።

ወደ ፍርዱ ልመለስ። «ድራይቨር የለውም» ከማለት በፊት ተርሚናል ላይ የሚጠየቁ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ ሰዎች የሚያምታቷቸውም እነዚህን ነው። የመጀመሪያው ሴን-ፋይንድ-ስካነር የሚባለው ትእዛዝ ነው። ይህ ስለ ድራይቨር ምንም አያውቅም፤ ገመዱ ላይ ስካነር የሚመስል ነገር መኖሩን ብቻ ይናገራል። ሁለተኛው ስካንኢሜጅን ከሰረዝና ከትልቁ ኤል ጋር መጻፍ ነው፤ ይህ «ከዚህ ማሽን ጋር መነጋገር የሚችል የጀርባ ክፍል አለ ወይ?» ይላል። የመጀመሪያው በአስተዳዳሪ ሥልጣን ተጠይቆም ምንም ካላየ ጥፋቱ ገመዱ፣ ሶኬቱ ወይም ማሽኑ ላይ ነው፤ ድራይቨር ፍለጋ መውጣት ከንቱ ድካም ነው። የመጀመሪያው አይቶ ሁለተኛው ካላየ ደግሞ ያንኑ ሁለተኛ ትእዛዝ በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ መድገም ነው። አሁን ስካነሩ ብቅ ካለ ነገሩ አለቀ። ድራይቨሩ አለ፣ ማሽኑ ደህና ነው፤ የጎደለው ፈቃድ ብቻ ነው። ሊኑክስ የተሰካውን ዕቃ ማን መንካት እንዳለበት ይለያል፤ የእርስዎ ስም ደግሞ ከተፈቀደላቸው መካከል የለም። በዴቢያንና በዘመዶቹ ላይ ስካነር የሚባል የተጠቃሚዎች ቡድን አለ። ስምዎን እዚያ ያስገቡ፣ ከዚያ ወጥተው እንደገና ይግቡ። ብዙ ሰው ይህን መውጣትና መግባት ይዘለውና «አልሠራም» ይላል።

ከዚህ የባሰ የሚያናድደኝ አለ። በሱዶ መሥራቱን ካየ በኋላ ለዘላለም በሱዶ የሚከፍተው ሰው ነው። ኤክስሴን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ሲከፈት ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ አደገኛ መሆኑን ይናገርና፣ በዚህ ሁኔታ ችግር ቢደርስ አቤቱታ እንዳይላክለት፣ ሰውየው ብቻውን መሆኑን በቁጣ ያስታውቃል። እንዲህ በግልጽ የሚቆጣ ሶፍትዌር አላውቅም፤ ሰው ግን «እሺ» የሚለውን ተጭኖ ያልፋል። ስካን ያደረጋቸው ፋይሎች የአስተዳዳሪው ንብረት ይሆኑና በማግስቱ ሊያስተካክላቸው ሲሞክር እንቢ ይሉታል፤ አሁንም ጥፋተኛው ሊኑክስ ነው።

ድራይቨሩ ኖሮ በፈርምዌር እጦት የሚቆምም አለ። አንዳንድ የድሮ ማሽኖች በተከፈቱ ቁጥር የሚሠሩበት ትንሽ ፕሮግራም ከኮምፒውተሩ እንዲላክላቸው ይፈልጋሉ፤ ፋይሉ የአምራቹ ስለሆነ ሴን ይዞት አይመጣም። ማሽኑ ሲገዛ አብሮ ከመጣው ሲዲ ላይ አውጥቶ ቦታው ማስቀመጥ ነው። ሲዲውን አይጣሉ።

ሞዴል ቁጥርም ያታልላል። የካኖን ላይድ 25ን የሚያናግረው ፕላስቴክ የሚባለው የጀርባ ክፍል ሲሆን፣ ላይድ 35ን ግን ጄኔሲስ ነው፤ ውስጣቸው ያለው ቺፕ ለየቅል ነውና። «የጓደኛዬ ላይድ ሠርቷል፣ የኔም ይሠራል» ብሎ ከመግዛት ሴን በሚያናግራቸው ማሽኖች ዝርዝር ላይ ቁጥሩን ማየት ይሻላል። በቅርብ ዓመታት የወጡት በኔትወርክ የሚሠሩ ማሽኖች ግን ይህ ሁሉ አያሳስባቸውም። ኢኤስሲኤል የሚባል የጋራ ቋንቋ ስለሚናገሩ ሴን-ኤርስካን የተባለው አንድ የጀርባ ክፍል ብዙዎቹን ያለ ልዩ ድራይቨር ያናግራል፤ ዴቢያን 11 በ2021 ሲወጣ ይህን ይዞ ነው።

እኔ ግን ልቤ ከድሮዎቹ ጋር ነው። አዲስ ዊንዶውስ ሲመጣ አምራቹ ለአሮጌው ማሽን ድራይቨር መጻፍ ያቆማል፤ ማሽኑም ምንም ሳይጎድለው ከጠረጴዛ ሥር ይወረወራል። ሴን ላይ ግን ድራይቨሩ ክፍት ስለሆነ የሚያቆየው ሰው እስካለ ይኖራል። አንድ ላይድ ከፍታችሁ እዩ። የተለየ የኃይል ገመድ የለውም፣ በዩኤስቢው ብቻ ይኖራል። መስታወቱ ሥር የምትሄደው ዘንግ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራቶች በየተራ ይበራሉ፤ ቀለሙ የሚገኘው ከሦስቱ ድምር ነው። ዘንጓ ወረቀቱን በጣም ተጠግታ ስለምታይ መስታወቱን ያልነካ ነገር ይደበዝዝባታል፤ የወፍራም መጽሐፍ መሃል የሚጨልመው ለዚህ ነው። ንባብ ከመጀመሯ በፊት ከጫፍ ያለችውን ነጭ መስመር አይታ ነጭ ምን እንደሆነ ትለካለች። ገጹ ላይ ከላይ እስከታች የሚወርድ መስመር ከታየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እዚያች ነጭ መስመር ወይም መስታወቱ ላይ ያረፈ አቧራ ነው። መስታወት ማጽጃ በቀጥታ የምትረጩም ተዉ፤ ፈሳሹ በጠርዙ ገብቶ ከሥር ይደርቃል፣ ያኔ ድራይቨርም አያድነውም። ጨርቁ ላይ ረጭቶ መጥረግ ነው።

ስካን የተደረገውን አማርኛ ወደ ጽሑፍ መመለስ ለሚፈልግ ቴሰራክት አለ፤ የአማርኛው ጥቅል በኡቡንቱም በዴቢያንም ለብቻው ይጫናል፣ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚፈልገው ንጹሕ ገጽና በኢንች 300 ነጥብ ነው። ፊደላችን «ለ»ን ከ«ሉ» የሚለየው በአንዲት ጭረት ስለሆነ ጥራቱ ሲወርድ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ጭረት ናት። በ100 ነጥብ ስካን ያደረገውን ደብዳቤ ይዞ «ይኼ ነገር አማርኛ አያነብም» የሚለኝን ሰው ፋይሉን ሳልከፍት እመልሰዋለሁ።