ባለቀለሙ ፕላስተር ጉልበት ይጨምራል?

እ.ኤ.አ. በ2012 በአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ጣሊያናዊው ማሪዮ ባሎቴሊ ጀርመን ላይ ሁለት ጎል አግብቶ ማልያውን ሲያወልቅ ጀርባው ላይ ሰማያዊ ፕላስተር ታይቶ ነበር። ኳስ የሚጫወቱ ተማሪዎቻችን «ይሄ ነገር ጉልበት ይሰጣል እንዴ?» እያሉ ይጠይቁናል።

ፕላስተሩን በ1970ዎቹ የፈለሰፈው ጃፓናዊው ኬንዞ ካሴ ነው። ጨርቁ ከጥጥ ሆኖ እንደ ላስቲክ ይሳባል፤ መድኃኒት የለበትም። ቆዳውን በትንሹ ከፍ አድርጎ ደም ያዘዋውራል፣ ጡንቻም ያነቃቃል ይባላል። ነገር ግን ጤነኛ ሰዎች ላይ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ የጡንቻ ኃይል ላይ ይህ ነው የሚባል ጭማሪ አልተገኘም። እንዲያውም ፕላስተሩን ከዚያ በፊት የማያውቁ ሰዎች ዓይናቸው ተሸፍኖ ጉልበታቸው ሲለካ፣ ቢለጠፍባቸውም ባይለጠፍባቸውም ያው ሆነ። «ቀለል አለኝ» የሚለው ተጫዋች አልዋሸም፤ የረዳው ግን እምነቱ ሳይሆን አይቀርም።

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። ፕላስተሩ ስለሚሳብ መገጣጠሚያን አጥብቆ አይዝም። ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው ልጅ እሱን ለጥፎ ሜዳ ቢገባ ጉዳቱን ያባብሳል። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ደግሞ አጥንት ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ክሊኒክ ውሰዱት።