ሳይፈታ የሚነበብ መግነዝ

ጣና ላይ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም፣ መስታወት ያላቸው የሬሳ ሣጥኖች አሉ። በውስጣቸው ያረፈው የደረቀ ገላ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ፋሲልና የሌሎችም ነገሥታት እንደሆነ ይነገራል። ደሴቱ ለሴት የተከለከለ ነውና ከስማዳም ሆነ ከጋይንት ተጉዞ የሚሳለማቸው ወንዱ ብቻ ነው።

ገላ ሳይበሰብስ የሚቆይበት ምስጢር ቋንጣ ለሰቀለ ሰው እንግዳ አይደለም። ውሃው ካለቀ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ሥራ ይፈታሉ። የጥንት ግብጻውያን ሬሳውን ናትሮን በሚባል ጨው ለ40 ቀን ያህል ያደርቁት ነበር፤ ደረቅ አየርም ያለ ሰው እጅ ይህንኑ ያደርጋል።

የዱሮ ተመራማሪ ግን መግነዙን ፈትቶ ነበር የሚያየው። እ.ኤ.አ. በ1908 ማርጋሬት መሪ ማንቸስተር ውስጥ አንድ የግብጽ ሬሳ 500 ያህል ሰው እየተመለከተ ፈታች። አንዴ የተፈታ መግነዝ እንደ ነበረው አይመለስም።

ይህን የቀየረው ራጅ ነው። በ1991 ከአልፕስ በረዶ የወጣው፣ ኤትሲ የተባለው የ5,300 ዓመት ገላ ለአሥር ዓመት ሲመረመር ኖሮ፣ ግራ ትከሻው ውስጥ የተሰካው የድንጋይ ቀስት ጫፍ የታየው በ2001 ነበር። በ2012 የታተመ ጥናት ደግሞ የግብጹ ንጉሥ የሣልሳዊ ራምሴስ ጉሮሮ እስከ አጥንቱ መቆረጡን በሲቲ ስካን አሳየ፤ የአንገቱ ፋሻ አልተነካም።

ዘረመል ለማውጣት ግን ጥቂት አጥንት መውሰድ ግድ ነው። ለዚህ ትልቁ ምሳሌ ያለው እዚሁ አገር፣ ገሞ ደጋ ላይ ነው። ቦታው ሞታ የሚባል ዋሻ ነው። በ2012 የተቆፈረው የ4,500 ዓመት አጽም ደርቆ የቀረ ገላ አልነበረውም፤ የውስጥ ጆሮን ያቀፈው ጠንካራ የራስ ቅል አጥንት ግን ዘረመሉን ጠብቆ አቆይቷል። ሙቀት ዘረመልን ይሰባብራል፤ የደጋው ዋሻ ቀዝቃዛና ደረቅ መሆኑ ጠቀመ። ሰውየው በገሞኛ «ባይራ»፣ ማለትም «በኩር» ተባለ። በ2015 ይፋ የሆነው ዘረመሉ ከአፍሪካ ጥንታዊ አጽሞች ሙሉ በሙሉ የተነበበ የመጀመሪያው ሲሆን፣ ዛሬ ካሉት ሕዝቦች ይበልጥ የሚቀርበው ለአሪ ነው።

የባይራን ዘረመል ያነበቡት ተመራማሪዎች መጀመሪያ ከእስያ ወደ አፍሪካ የተመለሰ ሕዝብ ዘሩን በመላው አህጉር አሰራጭቷል ብለው ነበር። በኮምፒዩተር ስሌቱ ላይ ስሕተት ሲገኝ በ2016 ይህንኑ አርመው፣ ድምዳሜውን ለምሥራቅ አፍሪካ ብቻ አጠበቡት።